ሐበሻው ለብቻው ይሸጣል

የታሪክ መምህሩ እሱባለው ሚስት ለማግባት ሲነሳ ጣልያን እንቅፋት ይሆንብኛል ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ጣልያን ከአገር ከወጣ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ እሱባለው ገና ሠላሳ አራቱ ነው። በሁለቱ መካከል ጠብም ዝምድናም ሊኖር አይገባም ነበር። ግን አንዳንድ ሰው ጣጣ በራሱ ላይ ካልጎተተ እንቅልፍ አይወስደውም። እሱባለው ቆቦ ከተማ፣ እትዬ ተናኜ ግቢ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ አርባ ሁለት የጣልያን ወታደር፣ ሦስት ታንክና አንድ ብረት ለበስ መኪና ይቀልብ ነበር። ይቀልብ ቢባል አይበዛበትም፤ ለራሱ ሸሚዝ ሳይገዛ ለእነሱ ቀለም ይገዛል።

ወታደሮቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ቁመታቸው ከጣት አንድ አንጓ አይበልጥም። ያመጣቸው አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረ ፈረንጅ ነው። ሰውየው ቆቦ በቆየበት ዓመት ተኩል ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሱባለው ጋር ጠረጴዛ ላይ ሲዋጋ ይውል ነበር፤ ውሉ ሲያልቅ ሳጥኑን እንዳለ አስረከበውና ሄደ። ጨዋታው እንዲህ ነው። ጠረጴዛ ላይ በአሸዋና በድንጋይ ተራራና ወንዝ ይሠራል፤ ሁለት ሰዎች ጦራቸውን አሰልፈው፣ ጉዞውን በሜትር እየለኩ፣ የተኩሱን ዕጣ በዳይስ እየጣሉ፣ አንድ ያለፈ ጦርነት እንደገና ይዋጋሉ። ወታደሮቹ ግን ከፋብሪካ ሲወጡ አመድማ ናቸው። ልብስ የሚያለብሳቸው ባለቤቱ ነው፤ ኮቱን፣ ቀበቶውን፣ የጠመንጃውን ሰደፍ፣ ፊቱን፣ እጁ ከጸናለት ዓይኑን ሳይቀር በብሩሽ ይሠራል። የእሱባለው እጅ ደግሞ ጽኑ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ራሱ መልሶ ማንበብ የሚያቅተው መምህር፣ የምስር ክክ በምታህል ፊት ላይ ሁለት ዓይን ከነቅንድቡ ያሰፍራል።

ችግሩ ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ጣልያን ብቻ መሆኑ ነው። አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረበትም። ከሳጥኑ ጎን በደቃቅ ፊደል የተጻፈች ማሳሰቢያ ነበረች፤ እሱባለው ስልኩ ላይ አጉልቶ ሲያነባት ሐበሻው ለብቻው ይሸጣል ትላለች። የት እንደሚሸጥ አትልም። ቆቦ ገበያ እንደማይሸጥ ግን ማንም ያውቃል። ስለዚህ እሱባለው ያለውን ተጠቀመ፤ ቀዩ ማሽላ እግረኛ ሆነ፣ ነጩ ማሽላ ፈረሰኛ፣ ባቄላ ደግሞ ደጃዝማች። ፈረንጁ ከሄደ ወዲህ አብሮት የሚጫወተው የፋርማሲ ባለሙያው ሄኖክ የኢትዮጵያን ጦር ይዞ ይመጣል፤ በኪሱ ነው የሚያመጣው።

ከሳጥኑ ጋር የመጣው ስድስት ብልቃጥ ቀለም አሥራ አምስተኛው ወታደር ላይ አለቀ። እሱባለው ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ያበቃ ነበር። እሱ ግን ሳቢራ ሱቅ ሄዶ የጥፍር ቀለም መግዛት ጀመረ። ሳቢራ በመጀመሪያው ቀን ለማን ነው ብላ ጠየቀችው። ለታንክ ነው አላት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችውም፤ አዲስ መልክ ሲገባላት ብቻ መደርደሪያው ላይ ለይታ ታስቀምጥለታለች። እርጥብ ቀለም በእጅ ስለማይነካ ደግሞ እያንዳንዱን ወታደር በቢራ ቆርኪ ላይ በማስቲሽ አጣብቆ፣ ቆርኪዋን ይዞ ነው የሚቀባው። ቆርኪውን ከየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ይለቅማል። አንድ መምህር ከመጠጥ ቤት ደጃፍ ጎንበስ ቀና ሲል ቢታይ ሰው ምን ይላል ብሎ ማሰብ ነበረበት። አላሰበም።

እሱባለው ፍሬዓለምን ይወዳታል፤ ይህን ለመናገር ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልግም። ፍሬዓለም የጎብዬ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ወታደሮቹን መጀመሪያ ያሳያት ዕለት ትስቅብኛለች ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን አንዱን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችና ዓይኑን አየች፤ ይሄኛው የደም ማነስ አለበት አለችው። እውነቷን ነው፣ ፊቱ ላይ ነጩ በዝቶ ነበር። እሱባለው በማግስቱ ጉንጩን አቀላለት። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ሌላ ሴት ቢፈልግ እብድ ነው። እሷም ትወደዋለች፤ ነገር ግን ቁርጡን ነግራዋለች፤ አባቷ ሳይመርቋት ከቤት አትወጣም።

አባቷ አቶ አላምረው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከሆርማት ወንዝ ዳር ማሽላ የሚያርሱ፣ የጎጣቸውም የውሃ አባት ናቸው። ዝናቡ ደጋ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ወደ ቆላው ሲወርድ፣ ለማን ማሳ ቀድሞ እንደሚጠለፍ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው በሰው ወሬ አይፈርድም። ሁሉም የኔ ማሳ ደረቀ ይላል፤ ሄዶ ማሳውን መርገጥ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ስለዚህ እሱባለው ሦስት ሽማግሌ ሲልክ፣ አቶ አላምረው ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው፣ ነገሩን አዳምጠው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አሏቸው። እንዲያ ማለት ያለ ነው። ሽማግሌ እስከ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ሦስተኛው ላይ እሺ ካልተባለ አራተኛ የለም። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ልብስ ሰፊው አቶ እንድሪስ ነበሩ፤ የአቶ አላምረው የልጅነት ጓደኛ ስለሆኑ ኢንሻአላህ ልጅቷን ይዤልህ እመጣለሁ ብለው ለእሱባለው ቃል ገብተውለታል።

ቅዳሜ ጧት አቶ አላምረው ዱላቸውን ይዘው እትዬ ተናኜ ግቢ መጡ። እትዬ ተናኜ ውሸት የማያውቁ ሴት ናቸው። እሱባለው ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ እንዳሰበው፣ ትንሽ ቢያውቁ ምን ነበረበት።

አቶ አላምረው ይህ ከጎጃም የመጣው መምህር ይጠጣል ወይ ብለው ጠየቁ።

“ሲጠጣ አላየሁም” አሉ እትዬ ተናኜ። “ቆርኪውን ግን አይቻለሁ።”

“ስንት?”

“በሳፋ።”

አቶ አላምረው ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሴትስ ትገባበታለች ወይ አሉ።

“ስትገባ አላየሁም። የጥፍር ቀለሟን ግን አይቻለሁ፤ ሰባት ዓይነት ነው።” እትዬ ተናኜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ደግሞ ትናንሽ ሰዎች አሉት። መስኮት ሥር ተቀምጦ ዓይን ይሠራላቸዋል። እኔ የሰው ስም አላጠፋም፤ ያየሁትን ነው።”

ሌላ አባት ይህን ሰምቶ ቤቱ ይመለስ ነበር። አቶ አላምረው ግን ማሳውን ሊረግጡ መጥተዋል፤ በቀጥታ ሄደው የእሱባለውን በር ቆረቆሩ።

ውስጥ ጦርነቱ ተፋፍሟል። እሱባለው ሜትር ይዞ ጎንበስ ብሏል፣ ሄኖክ ዳይሱን በመዳፉ ያንቀጫቅጫል። እሱባለው ሜትሩን እንደያዘ በሩን ሲከፍት የወደፊት አማቱ ቆመዋል። መምህር ነውና ማስረዳት ጀመረ። ቆርኪውን አሳየ፤ እያንዳንዱ ቆርኪ ላይ አንድ ወታደር ቆሟል። የጥፍር ቀለሙን አሳየ፤ ከታንኩ ጎን አስጠግቶ መልኩን አመሳከረ። አቶ አላምረው ጣታቸውን ታንኩ ላይ አሳረፉ፤ የጥፍር ቀለም መሆኑን አረጋገጡ። እህ፣ አሉ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተፈታ። ጠረጴዛውን ዞረው አዩና በመጀመሪያ ነገር ታንክህን ደረቅ ወንዝ ውስጥ አቁመሃል፣ እዚህ ደመና ሳይኖር ጎርፍ ይመጣል፣ ይወስድብሃል አሉት። እሱባለው ሕጉ ላይ ጎርፍ የለም ሊል አፉን ከፍቶ ተወው። ሄኖክ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ነገሩ ሁሉ ወደ ደህና መንገድ እየሄደ ነበር።

“እነዚህ እነማን ናቸው?” አሉ አቶ አላምረው በዱላቸው ጫፍ እየጠቆሙ።

“ጣልያኖች ናቸው፣ አባባ።”

“የኛስ ሰዎች የታሉ?”

እሱባለው ወደ ጠረጴዛው ማዶ አየ። በሩን ሳይዘጋው ቀርቶ ኖሮ፣ የእትዬ ተናኜ ቀይ ዶሮ ከአቶ አላምረው ኋላ ገብታ፣ ሰው ታንክ ሲመረምር ወንበር ላይ፣ ከወንበሩ ጠረጴዛው ላይ ወጥታለች። የግራውን ክንፍ ጨርሳለች። ፈረሰኛውን እየለቀመች ወደ መሀል ጦር ትገሰግሳለች። ሄኖክ እጁን ሲያወናጭፍ አንድ ደጃዝማች በምንቃሯ ይዛ በመስኮት ዘለለች። ጣልያኖቹ በአዲስ ቀለማቸው ንቅንቅ ሳይሉ ተሰልፈው ቆመዋል።

አቶ አላምረው የዱላቸውን ጫፍ ከጣልያኖቹ ላይ ቀስ ብለው መለሱ። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

“አባቴ አያ ታምሬ ዞብል ተራራ ላይ አምስት ዓመት ከእነዚህ ጋር ተዋግቷል” አሉ። “አንተ ለጣልያን ዓይን ሠርተህለት፣ ቀበቶ አስታጥቀኸው፣ አባቴን ለዶሮ ሰጠኸው።”

ይህን ብለው ወጡ። እሱባለው ሐበሻው ለብቻው እንደሚሸጥ ሊያስረዳ እስከ ግቢው በር ተከተላቸው፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል።

ሽማግሌዎቹ በሁለተኛው ቀጠሮ ሲሄዱ እሱባለው ምሳ አልበላም። አቶ እንድሪስ ሲመለሱ ፊታቸው ግራ የተጋባ ሰው ፊት ነበር። በሠላሳ ዓመት ሽምግልና እንዲህ ያለ ጥሎሽ ተጠይቀው እንደማያውቁ በአላህ ስም ማሉ። አቶ አላምረው ላም አልጠየቁም፣ ካባ አልጠየቁም። በአንድ ወር ውስጥ አባቴን ሠርቶ ያምጣ ብለዋል፤ ልክ እንደ ጣልያኑ፣ ከነዓይኑ። ካመጣ በኋላ አይተው ይወስናሉ። በዚያ ላይ ይዞት የሚመጣው ራሱ ነው፤ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አብሮ መሄዱ ነውር መሆኑን ቢነግሯቸውም አልሰሙም።

አያ ታምሬ ከሞቱ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ፎቶግራፍ የላቸውም። ፍሬዓለም በየቀኑ በምሳ ሰዓቷ ከጎብዬ እየደወለች ከዘመድ የለቀመችውን መልክ ታስጽፈዋለች። አክስቷ ረጅም ነበሩ አለች። ዋጃ ያሉት አጎቷ አጭር ነበሩ አሉ። የጣት አንድ አንጓ በሚያህል ሰው ላይ ይህ ብዙ ለውጥ ስለማያመጣ እሱባለው ሁለቱንም መዘገበ። ጎፈሬያቸው ትልቅ እንደነበር፣ ግራ ትከሻቸው ዘንበል እንደሚል፣ ሲናደዱ አንድ ቅንድባቸው ብቻ እንደሚነሳ ግን ሁሉም ተስማማ።

ከምን ይሥራቸው የሚለው ነው ጭንቁ። ጭቃ ሞከረ፤ ሲደርቅ አንገታቸው ተቆረጠ። ሻማ ሞከረ፤ የቆቦ ፀሐይ በመስኮት ገብታ አያ ታምሬን አቀለጠቻቸው። ሰው የሚመስል ነገር ያለው ጣልያን ብቻ ነው። እሱባለው ሁለት ቀን አመነታና በሦስተኛው ቀን ከአርባ ሁለቱ አንዱን መረጠ። ሲመርጥ የተሰማው ነገር የሰው ፊት ቆሞ አንተ ና የማለት ያህል ነበር፤ እያንዳንዱን ያውቀዋል። ያ ፍሬዓለም የደም ማነስ አለበት ያለችው ነበር፤ ትከሻው ወደ ግራ ዘንበል ይላል።

ኮፍያውን በምላጭ ፋቀለት። ሄኖክ ከፋርማሲው ጥጥ አመጣ፤ በማስቲሽ ተነክሮ፣ ተድቦልቡሎ፣ ጥቁር ተቀብቶ ጎፈሬ ሆነ። ፍሬዓለም ፋሻ ላከች፤ ከዚያ ጋቢ ተቆረጠ፣ ጥለቱ በሳቢራ ቀይ ቀለም በአንዲት የብሩሽ ጠጉር ተሰመረ። ሳቢራ ለፊቱ የሚሆን ቡናማ ቀለም መደርደሪያዋን ገልብጣ ፈልጋ አገኘችለት፤ ለአማቴ አባት ነው ሲላት አላህ ያሳምርልህ ከማለት በቀር አልተገረመችም። ለዓይናቸው አራት ከሰዓት በኋላ ፈጀ። እጁ አልጸናለትም። ሠርቶ ያጠፋል፣ ሠርቶ ያጠፋል። በመጨረሻ አንዷ ቅንድብ ከሌላዋ ከፍ ብላ ስትቀር፣ እሱባለው ብሩሹን አስቀምጦ ተነሳና እንደምን ዋሉ አላቸው። እትዬ ተናኜ በመስኮት ሰሙት፤ ለማንም ግን አልተናገሩም፤ የጠየቃቸው የለም።

እሑድ፣ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ፣ እሱባለውና ሽማግሌዎቹ አቶ አላምረው ቤት ገቡ። ሦስቱ ሽማግሌዎች መደቡ ላይ ተደረደሩ። እሱባለው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ክብሪት ሳጥን በሁለት እጁ ይዟል። ፍሬዓለም ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ነበረች፤ ነጠላዋ ብቻ ይታያል። አቶ እንድሪስ ወግ ያለው መግቢያ አዘጋጅተው መጥተው ነበር፤ አቶ አላምረው ግን መነጽራቸውን አድርገው እጃቸውን ዘረጉ።

የክብሪት ሳጥኑን ከፍተው አባታቸውን በመዳፋቸው ላይ አቆሙ። ጎፈሬውን አዩ። ጋቢውን በጥፍራቸው ጫፍ ነካ አደረጉ። ፊቱ ላይ ሲደርሱ ቆዩ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እሱባለው አየ፣ ልቡም ሞላ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ፤ እዚያው ቀረ።

“ጫማ” አሉ።

እሱባለው አየ። ከጉልበት በላይ ያለው ሁሉ አርበኛ ነበር። ከጉልበት በታች እግር ማሰሪያው ተጠምጥሟል፣ ቡትስ ጫማው በጥቁር የጥፍር ቀለም ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ከአንድ ዓመት በፊት ራሱ ነው እንዲያ አሳምሮ የቀባው። አንድ ወር ሙሉ ፊትና ጎፈሬ ላይ አፍጥጦ ሲውል እግሩን አንዴም አላየውም። ሦስተኛው ቀጠሮ ነው፣ አራተኛ የለም።

አቶ እንድሪስ ፈጥነው ገቡ፤ እንደ ምርኮ ይቆጠር፣ ወላሂ ስንት አርበኛ ነው ጫማ የማረከ ማለት ጀመሩ።

“ቆይ እንድሪስ” አሉ አቶ አላምረው። ዓይናቸውን ከመዳፋቸው አላነሱም። “በየበዓሉ አያ ታምሬ በባዶ እግሩ ተዋጋ ይባላል። ሲቀበርም ቄሱ እንዲያ ብሏል። አባቴ ግን ጫማ ነበረው። ከሞተ ጣልያን እግር ያወለቀው። ጓደኞቹ እሾኹን በባዶ እግራቸው ሲረግጡ እሱ ጫማ አድርጎ ሄዷል፤ ይህን እስኪሞት አፍሮበት ኖረ። ያሳየኝ አንድ ቀን ነው። ሲሞት በጨርቅ ጠቅልዬ ከእግሩ ሥር ቀበርኩለት፤ ለሚስቴም አልነገርኩ።” ቀና አሉ። “ማን ነገረህ?”

አቶ እንድሪስ እሱባለውን ዓይን ዓይኑን ያዩታል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሕልሜ አየሁ በል በሚል ሁኔታ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ ያደርጋሉ። እንዲህ ያለ ዕድል በሕይወት አንዴ ነው የሚመጣው። እሱባለው በሕልሜ አየሁ ለማለት አፉን ከፈተ። የመጋረጃው ጫፍ ሲነሳና ፍሬዓለም ስታየው አየ።

“ማንም አልነገረኝም፣ አባባ” አለ። “ረስቼው ነው። ከጉልበታቸው በላይ አባትዎ ናቸው። ከጉልበታቸው በታች ጣልያን ናቸው።”

አቶ እንድሪስ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። እሱባለው ምላጭ ይዣለሁ፣ አሁኑኑ ልፍቀው እችላለሁ እያለ ኪሱን መፈተሽ ጀመረ።

“እጅህን አውጣ” አሉት አቶ አላምረው። “አትነካውም።” አባታቸውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው እንደገና አዩ፤ እንባቸው በመነጽራቸው ሥር ሲወርድ ለመጥረግም አልሞከሩ። “አርባ ዓመት ሙሉ ሰው የሚያወራልኝን አባት አላውቀውም ነበር። ይሄ ነው አባቴ።”

ከዚያ ወደ አቶ እንድሪስ ዞረው ምን ትጠብቃለህ፣ ቀኑን ቁረጡ እንጂ አሉ። ከመጋረጃው ኋላ የሆነ ዕቃ ወድቆ ተንኳኳ፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። እሱባለው ወድቆ ጉልበታቸውን ሳመ። አቶ አላምረው በግራ እጃቸው አነሱት፣ በቀኙ አያ ታምሬን እንደያዙ ናቸው።

“እናቴንም ትሠራልኛለህ” አሉት በጆሮው። “እሷን ግን ከማምጣትህ በፊት እስከ እግር ጥፍሯ መርምራት።”